የእበት እሳት በእንሰት አገር፦ ሚቴን ጋዝ በወላይታ

በወላይታ ምድር የከብት እበት ለብዙ ትውልድ በመጀመሪያ የእንሰት ምግብ እንጂ ማገዶ ሆኖ አልኖረም፤ ከዚሁ እበት የሚገኘው ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ወደ አካባቢው ቤቶች ሲገባ ያገኘውን አቀባበልም ሆነ የገጠመውን መሰናክል መረዳት የሚቻለው ይህን ሲያውቁ ነው። የጋዙ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከቤተ ሙከራ ወይም ከማዕድን ጉድጓድ ተነሥቶ ነው፤ በወላይታ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከጓሮ ነው፤ ምክንያቱም ጋዙ ከመምጣቱ በፊት እበቱ ባለቤትም፣ ሥራም፣ የሚውልበት ቦታም ነበረው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወላይታ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በዳሞታ ተራራ ዙሪያ የተዘረጋ ደጋና ወይና ደጋ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆና ወደ አባያ ሐይቅ ሲወርድ ደግሞ ቆላ የሚሆን አገር ሲሆን፣ በ2007 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተቆጥሮበታል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ350 ሰው በላይ ይኖርበት ነበር ማለት ነው፤ ይህን ያህል ሕዝብ በገጠር ሊኖር የቻለው በዋነኛነት በእንሰትና በሥራ ሥር ሰብሎች ነው። የወላይታ ገበሬ መሬቱን ከጥንት ጀምሮ በሁለት ከፍሎ ያርሳል፤ አንደኛው ዳርኮዋ የሚባለው፣ ቤቱን የከበበውና እንሰት፣ ቡና፣ ጎመንና ጎደሬ የሚበቅልበት ለም ጓሮ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሾካ የሚባለው፣ ከቤት ራቅ ብሎ በቆሎ፣ ጤፍና ስኳር ድንች የሚዘራበት ሜዳ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የአፈሩ ተፈጥሮ ሳይሆን የእበቱ መድረሻ ነው። ቀን በሜዳ የጋጠው ወይም ሣር ታጭዶለት ታስሮ የበላው ከብት ሌሊቱን ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ጠዋት ሴቶችና ልጆች እበቱን ጠርገው ከእንሰቱ ሥር ያፈሳሉ፤ በዚህ መንገድ የሜዳው ለምነት በከብቱ ሆድ በኩል ተጓጉዞ በጓሮው ሲከማች ዘመናት አልፈዋል። ዳርኮዋ ጥቁርና ለስላሳ፣ ሾካ ቀይና የተራቆተ ሆኖ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሰሜኑ የአገሪቱ ደጋ ነገሩ ሌላ ነው። ደኑ ቀድሞ ባለቀበት አገር እበት በእጅ ተለውሶ፣ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ወይም በፀሐይ ተሰጥቶ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱም ከምጣድ ሥር ይነዳል። ኩበት ሲነድ ካርቦኑና ሃይድሮጅኑ ሙቀት ሰጥተው ሲያልቁ፣ ለእህል እጅግ አስፈላጊ የሆነው ናይትሮጅን አብሮ በጭስ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመድ ውስጥ ቢቀሩም አመዱ ወደ ማሳው የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። የግብርና ባለሙያዎች ኩበት ማንደድን የአፈር ዘረፋ አድርገው ሲተቹ ኖረዋል፤ ትችቱ ትክክል ቢሆንም እንጀራ የምትጋግረው ሴት ሌላ ማገዶ እንዳልነበራት የዘነጋ ነው። ወላይታ ይህን ምርጫ ለረጅም ጊዜ ያስወገደው በእንጨቱና በደረቀው የእንሰት ተረፈ አካል ሲሆን፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአገሪቱ የተስፋፋው ባሕር ዛፍም አግዞታል። ሕዝቡ ሲበዛና መሬቱ ሲጣበብ ግን እንጨቱ ራቀ። በሁምቦ ወረዳ ወርልድ ቪዥን የተባለው የእርዳታ ድርጅት ከአካባቢው ማኅበራት ጋር 2,728 ሄክታር የተራቆተ ኮረብታ ከልሎ ጉቶዎቹ እንዲያገግሙ ማድረጉና ሥራው በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ንግድ ሥርዓት ውስጥ መመዝገቡ፣ የደኑ መመናመን ምን ያህል ርቆ እንደነበረ የሚመሰክር ነው።

የከብቱ ታሪክም ቀላል አልነበረም። ከ1888 እስከ 1892 በዘለቀውና ክፉ ቀን ተብሎ በሚታወቀው ዘመን የከብት ወረርሽኝ የኢትዮጵያን ከብት አብዛኛውን ጨረሰ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በ1894 ዳግማዊ ምኒልክ በካዎ ጦና ይመራ የነበረውን የወላይታ መንግሥት በጦርነት ሲያስገብሩ፣ ዘመቻውን የተከተለው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም በዝርዝር እንደጻፈው እጅግ ብዙ ከብት ተማርኮ ተነዳ። ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ደግሞ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ የተባለው በሽታ ከብት እንዳይረባ ሲያግድ ኖሯል። ከብት የእንሰት ጓሮ መሠረት በሆነበት አገር፣ ከብት ያጣ ቤተሰብ ወተት ብቻ ሳይሆን የአፈር ለምነትም ያጣል፤ የወላይታ ሕዝብ ከብትን በጋራ የሚይዝበትን ደንብ ያበለጸገውም ለዚህ ይመስላል። ኮታ በሚባለው ደንብ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ላም በጋራ ይገዛሉ፤ ሐራ በሚባለው ደግሞ ከብት ያለው ሰው ከብቱን ለሌላው አርቢ ይሰጥና አርቢው ለድካሙ ከሚገኘው ጥቅም ድርሻ ይወስዳል። በሐራ ደንብ ላሟ የሌላ ሰው ሆና እያለ እበቷ ግን ላደረችበት ቤት ይሆናል፤ ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

እበት ጋዝ እንደሚያወጣ የታወቀው በሌላ አገርና በሌላ ጥያቄ ሳቢያ ነው። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ በኅዳር 1776 በማጆሬ ሐይቅ ዳር በምትገኘው አንጄራ አጠገብ የረግረጉን ጭቃ በዘንግ ሲያማስል የሚወጡትን አረፋዎች በጠርሙስ ሰብስቦ፣ አየሩ በእሳት ሲነካ እንደሚነድ አረጋገጠ። እንግሊዛዊው ሐምፍሪ ዴቪ በ1808 ይኸው ጋዝ ከከብት እበት ብስባሽም እንደሚወጣ አሳየ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በከሰል ማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ እየፈነዳ ሠራተኞችን ይፈጅ የነበረውን አየር መርምሮ፣ ነበልባሉ በሽቦ ወንፊት የተከለለ የማዕድን ፋኖስ በ1815 ሠራ። ረግረጉ፣ እበቱና የከሰል ጉድጓዱ አንድ ጋዝ እንደሚያወጡ በዚህ መንገድ ታወቀ። በ1895 በእንግሊዟ የኤክሰተር ከተማ ከቆሻሻ ማጣሪያ ጉድጓድ የተገኘ ጋዝ የመንገድ መብራት አበራ፤ በኢትዮጵያ ምድር ያለው ትልቁ የሚቴን ክምችት ደግሞ፣ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970ዎቹ በኦጋዴን ካሉብ ላይ ያገኘው የተፈጥሮ ጋዝ፣ ከጥንት ደለል የመነጨ ዘመዱ ነው።

ሚቴን ከሃይድሮካርቦኖች ማለትም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ ከተሠሩት ውሁዶች ሁሉ ቀላሉ ነው። አንዱ ሞለኪውል አንድ የካርቦን አቶም በመሃል፣ አራት የሃይድሮጅን አቶሞች በዙሪያው በእኩል ርቀትና በእኩል ማዕዘን ይዞ የተሠራ ሲሆን፣ ይህ የተመጣጠነ ቅርጹ ከውኃ ጋር እንዳይስማማ ስለሚያደርገው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚሟሟው 22 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ በጉድጓድ ውስጥ ያለው እበት ውኃ የበዛበት ሆኖ ሳለ ጋዙ በአረፋ እየወጣ ከላይ የሚጠራቀመውም ስለዚህ ነው። ንጹሕ ሚቴን ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም። ከእበት ጉድጓድ የሚሸተው የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚቴን ሳይሆን ከእርሱ ጋር በጥቂቱ የሚወጣው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲሆን፣ ይህ ሁለተኛው ጋዝ መርዛማና ብረት የሚበላ ቢሆንም ጋዝ መሹለኩን ለቤተሰቡ ስለሚያስታውቅ ሙሉ በሙሉ ጠላት ነው ሊባል አይችልም።

ሚቴን የሚነደው በአየር ውስጥ ያለው መጠን በይዘት ከ5 እስከ 15 ከመቶ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ነበልባሉ ሊስፋፋ አይችልም፣ ከዚያ ከበዛ ደግሞ ኦክስጅኑ አይበቃም። ሲነድ አንድ ሞለኪውል ሚቴን ከሁለት ሞለኪውል ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድና ሁለት የውኃ ሞለኪውሎችን ይሰጣል፤ በተሟላ ቃጠሎ ጭስም፣ ጥላሸትም፣ አመድም አይኖረውም። የዓይን ሕመምና የሳንባ በሽታ በጎጆ ቤት ጭስ ምክንያት በሴቶችና በሕፃናት ላይ በሚበረታበት አገር ይህ የኬሚስትሪ እውነት በቀጥታ የጤና ጉዳይ ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም ሚቴን ሲነድ 50 ሜጋጁል ገደማ የሙቀት ኃይል ይሰጣል፤ የአንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሙቀት 15 ሜጋጁል አካባቢ ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ በሦስት ጉልቻ ላይ ድስቱ የሚያገኘው ስምንተኛው እጅ ቢሆን ነው። የጋዝ ምድጃ ግን ከሙቀቱ ግማሹን ያህል ለድስቱ ያደርሳል።

ሚቴን የሚፈላው ማለትም ከፈሳሽ ወደ ጋዝ የሚለወጠው በ161.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ነው፤ ከ82.6 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከፍ ባለ ማንኛውም ሙቀት ደግሞ የፈለገውን ያህል ግፊት ቢጫነው ወደ ፈሳሽነት አይለወጥም። በከተማ ቤቶች በሲሊንደር የሚገባው ቡታጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ ከባድ ዘመዶቹ ድብልቅ ሲሆን፣ እነርሱ በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ስለሚሆኑ በሲሊንደር ተሞልተው በመኪና ይጓዛሉ። ሚቴንን ግን የገጠር ቤተሰብ በተራ መሣሪያ በሲሊንደር ሊያሽገው አይችልም፤ ከተመረተበት ጓሮ በጥቂት ሜትር ቧንቧ ወደ ምድጃው ሄዶ እዚያው መንደድ አለበት። ሚቴን በባሕርዩ የመንደር ጋዝ ሆኖ መቅረቱና ነጋዴ ገዝቶ ሊሸጠው አለመቻሉ ከዚህ የተነሣ ነው፤ አትራፊ ኩባንያዎች ወደ ዘርፉ ያልገቡበትና ሥራው በመንግሥትና በእርዳታ ድርጅቶች ትከሻ ላይ የወደቀበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ክብደቱ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም ይገባዋል። ንጹሕ ሚቴን ከአየር በእጅጉ ይቀላል፤ ክብደቱ ከአየር ክብደት ግማሽ ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል፤ በዚህም ምክንያት ቡታጋዝ ሲሾልክ መሬት ለመሬት ሲተኛ ሚቴን ግን ወደ ጣሪያ ይወጣል ይባላል። ነገር ግን ከእበት የሚወጣው ባዮጋዝ የሚባለው ድብልቅ ሚቴኑ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 60 ገደማ ሲሆን፣ የቀረው አብዛኛው ከአየር የሚከብደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ፣ ድብልቁ ከአየር የሚቀለው በጥቂቱ ብቻ ነው። በሣር ክዳን የተሸፈነ ቤት ውስጥ የሾለከ ባዮጋዝ እንደ ንጹሕ ሚቴን ፈጥኖ በክዳኑ በኩል ይወጣል ብሎ መተማመን ስለማይገባ፣ መስኮትና በር መክፈት የግድ ነው።

ጋዙን የሚሠሩት ኦክስጅን በሌለበት ብቻ የሚኖሩ ደቂቅ ዘአካላት ናቸው። ሥራውም በቅብብሎሽ የሚሠራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ከከብቱ ሆድ ሳይፈጭ የተረፈውን የሣር ክር ወደ ስኳርና ወደ አሲድ ይፈቱታል፤ ቀጣዮቹ አሲዱን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል፤ በመጨረሻም አርኬያ የሚባሉት፣ አሜሪካዊው ካርል ዎዝ በ1977 ከባክቴሪያ የተለዩ የሕይወት ዘር መሆናቸውን ያሳየላቸው ፍጡራን፣ ከእነዚህ ሚቴን ይሠራሉ። ላም በምታመነዥክበት ጊዜ በግሳቷ የሚወጣው ሚቴንም የእነዚሁ ዘመዶች ሥራ ነው። ጉድጓዱ አዲስ ተሞልቶ ሲዘጋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ አይነድም፤ ይህን ያልተነገረው ባለቤት ክብሪት ለኩሶ ምንም ሲያጣ ጉድጓዱ ከሽፏል ብሎ ሊተወው ይችላል።

የወላይታ የአየር ጠባይ ለእነዚህ ፍጡራን በመጠኑ የሚመች ነው። ሥራቸው የሚፈጥነው በ35 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከ15 ዲግሪ በታች በጣም ይዘገያል፤ የወላይታ ከተማ በሆነችው በሶዶ አካባቢ ያለው አፈር ዓመቱን ሙሉ 20 ዲግሪን ይጠጋል፤ ስለዚህ በመሬት ውስጥ የተቀበረ ጉድጓድ ጋዝ ሳያቋርጥ ቢሰጥም እበቱ በውስጡ ከአንድ ወር ለሚበልጥ ጊዜ መቆየት አለበት፤ ጉድጓዱም በዚያው ልክ ሰፊ መሆን አለበት። ከፍታው ደግሞ ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። ከባሕር ወለል በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ በሶዶ አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ በውስጡ የያዘው ሚቴንና የሚሰጠው ሙቀት በዚያው መጠን ያንሳል፤ ውኃውም በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ አደንጓሬ ለማብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃል። ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገሮች የተዘጋጁ የምድጃ ሠንጠረዦች ያለ እርማት ወደ ደጋ ሲገለበጡ ከምድጃው ፊት የተቀመጠችው ሴት ልዩነቱን ታውቀዋለች።

ባዮጋዝ በኢትዮጵያ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከአምቦ እርሻ ኮሌጅ ነው፤ በብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ሰነዶች በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ዓመትም 1979 ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት ተኩል በተለያዩ ተቋማትና በግለሰብ ቤቶች 1,000 ያህል ማብላያዎች ማለትም እበት ተብላልቶ ጋዝ የሚሆንባቸው ዝግ ጉድጓዶች ተሠርተው ነበር፤ ነገር ግን ኤስኤንቪ የተባለው የኔዘርላንድስ የልማት ድርጅት በ2006 ባወጣው ጥናት ከመቶ 40 ያህሉ አገልግሎት አይሰጡም ነበር። ምክንያቶቹ የውኃ እጥረት፣ የከብት ቁጥር ማነስ፣ የባለቤት መለወጥና ከሁሉም በላይ ከግንባታ በኋላ ጠያቂ መጥፋት ነበሩ። ይህን ስሕተት ላለመድገም የታሰበው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2009 ሲጀመር ትግራይ፣ አማራ፣ ኦሮሚያና የቀድሞው ደቡብ ክልል ተመረጡ፤ ወላይታም በዚያው ደቡብ ክልል ሥር ነበረ። በአምስት ዓመት ውስጥ 14,000 ማብላያ ለመሥራት ታቅዶ የተጠናቀቀው ከ8,000 ጥቂት የበለጠ ነው።

ንድፉ የመጣው ከኔፓል ነው። የኔፓሉ የጎበር ጋዝ ኩባንያ በአገሩ አቆጣጠር በ2047 ማለትም በአውሮፓውያን 1990 ያወጣው፣ ጉልላቱ ከመሬት በታች የሚቀበርና የሚንቀሳቀስ የብረት ክፍል የሌለው ማብላያ ለኢትዮጵያ ተሻሽሎ ስንዱ በሚል ስም ተሠራጨ። ንድፉን ተስማሚ ያደረገው ዋናው ነገር ሁለቱም አገሮች ተራራማ፣ ከብት አርቢና ለብረት ታንክ ገንዘብ የሌላቸው መሆናቸው ነበር። ድንጋዩና አሸዋው ከአካባቢው ይገኛል፤ የሚገዛው ሲሚንቶ፣ ቧንቧ፣ ቫልቭና ምድጃ ነው። የንድፉ ልብ ጉልላቱ ነው፤ ጋዙ ከላይ ሲጠራቀም እበቱን በመውጫው በኩል እየገፋ ያስወጣዋል፤ ምድጃው ሲከፈት ደግሞ የተገፋው እበት ተመልሶ ጋዙን ወደ ቧንቧው ይጫነዋል። ግንበኛው ጉልላቱን በውስጥ በኩል በሚገባ ካልመረገውና ካልለሰነው ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሚቴኑን ቀን ከሌት ያሾልከዋል፤ ስለዚህ የማብላያው ዕድሜ የሚወሰነው በሳይንሱ ሳይሆን በግንበኛው እጅ ነው። በየወረዳው ግንበኞችን ማሠልጠን ከፕሮግራሙ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመላ አገሪቱ የባዮጋዝ ምድጃ ዋና ነቀፌታ እንጀራ አለመጋገሩ ነው፤ የምጣዱ ስፋት የሚጠይቀውን ሙቀት የቤተሰብ ማብላያ ለማዳረስ ይቸገራል። በወላይታ ይህ ነቀፌታ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ድንች፣ አደንጓሬና ጎመን በድስት የሚቀቀሉ ምግቦች ናቸው፤ ቡናውም እንዲሁ። ቆጮና የበቆሎ ቂጣ መጋገር ይፈልጋሉ፤ ከእነርሱ በቀር ግን የዕለቱ ምግብ አብዛኛው ለትንሽ ክብ ነበልባል የተስማማ ነው። ለዚህ ነገር የፕሮግራሙ ሰነዶች ተገቢውን ቦታ ሰጥተውታል ማለት አይቻልም፤ የአገሪቱ ማእድ ሁሉ እንጀራ ነው የሚለው ግምት በኃይል እቅዶች ውስጥ ሥር የሰደደ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሚቴን ለወላይታ የሚስማማው በውስጡ በሌለው ነገር ነው። ሞለኪውሉ ካርቦንና ሃይድሮጅን እንጂ ናይትሮጅንም፣ ፎስፈረስም፣ ፖታሲየምም ስለሌለው፣ ጋዙ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሲነድ እንሰቱ የሚፈልገው ንጥረ ነገር ሁሉ ባዮስለሪ በሚባለው ቀጭን ተረፈ ምርት ውስጥ ይቀራል። እንዲያውም በእበቱ ውስጥ ታስሮ የነበረው ናይትሮጅን በከፊል ተፈትቶ ተክል በቶሎ ወደሚስበው አሞኒየም ይለወጣል፤ አሞኒየሙ ግን በፀሐይ ላይ ከተዘረጋ በአሞኒያ ጋዝነት ስለሚተን ተረፈ ምርቱ በጥላ ሥር መቀመጥ ወይም ወዲያው ከአፈር ጋር መደባለቅ አለበት። የኩበት እሳት ማሳን ከምጣድ ጋር ሲያጣላ፣ የሚቴን እሳት ጓሮንና ምድጃን ከአንዱ እበት እንዲካፈሉ ያደርጋል። እንሰት ቤትን ከብቦ በሚተከልበት አገር ደግሞ የማብላያው መውጫ ከዳርኮዋው ጫፍ ላይ ይደርሳልና ተረፈ ምርቱን መሸከም እንኳ አያስፈልግም። የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ከ1970 ጀምሮ በዓለም ባንክ ብድር የፋብሪካ ማዳበሪያ በዱቤ ሲያስተዋውቅ ማዳበሪያው በዋናነት የሄደው ወደ ሾካው ሲሆን፣ ዳርኮዋው ግን በእበት እንደኖረ ቀጠለ፤ የማዳበሪያ ዋጋ በናረ ቁጥር የባዮስለሪ ጥቅም ከጋዙ ጥቅም ጋር እየተስተካከለ፣ ለአንዳንዱ ገበሬም እየበለጠ የሚሄደው ከዚህ የተነሣ ነው።

የኤሌክትሪክ መምጣት የጋዙን ቦታ አላጠፋውም። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተገደበው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በታኅሣሥ 2016 ተመረቀ፤ ኃይሉን የሚያጓጉዘው ከፍተኛ መስመር በወላይታ ሶዶ ማከፋፈያ ጣቢያ በኩል ያልፋል። ይሁን እንጂ በመስመሩ ሥር ያለው የገጠር ጎጆ ራቱን የሚያበስለው በእንጨት ነው፤ ምክንያቱም የሽቦው ዝርጋታ ወደ መንደሩ ቢደርስም እንኳ የኤሌክትሪክ ምድጃ መግዣና የወር ክፍያ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2023 ሶዶ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስትሆን የከተማዋ የማገዶና የከሰል ፍላጎት ከዙሪያዋ ገጠር ላይ የሚያሳርፈው ጫና የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይሆንም።

የጋዙ እውነተኛ ወሰን ያለው ከከብቱ ቁጥር ላይ ነው። ፕሮግራሙ ማብላያ ለሚሻ ቤተሰብ ቢያንስ አራት ከብትና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በማይርቅ መንገድ የሚገኝ ውኃ እንዲኖረው ይጠይቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከአንድ የአገር ከብት በየቀኑ በአማካይ አምስት ኪሎ እበት ቢሰበሰብ ከአራቱ 20 ኪሎ ይገኛል፤ ይህ ከ20 ሊትር ውኃ ጋር ተበጥብጦ ሲገባ 0.8 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይሰጣል፤ አንድ ምድጃ በሰዓት 0.4 ሜትር ኩብ ስለሚፈጅ ለሁለት ሰዓት ማብሰያ ይበቃል። በሶዶ ከፍታ ይህ ጋዝ በየዕለቱ ከሦስት ኪሎ በላይ ደረቅ እንጨት ይተካል። መሬቱ ከግማሽ ሄክታር በማይበልጥበት የወላይታ ቤተሰብ ግን አራት ከብት ማግኘት ብርቅ ነው፤ ሁለት ላም ያለው ቤት የሚያገኘው የአንድ ሰዓት እሳት ሲሆን፣ ለዚያ አንድ ሰዓትም ሴቶቹ ተጨማሪ 10 ሊትር ውኃ በየቀኑ መቅዳት አለባቸው። ስለዚህ ማብላያ የሚደርሰው በመጀመሪያ ለባለጸጋው ነው፤ በእንጨት እጦት ይበልጥ የሚሠቃየው ደሀ ግን ከመስፈርቱ ውጭ ይቀራል።

እዚህ ላይ ሐራ የሚባለው ደንብ ክብደት ያገኛል። መስፈርቱ የሚጠይቀው በበረት ያደረውን ከብት ከሆነ፣ የሌላ ሰው ላሞችን በሐራ ተቀብሎ የሚያረባ ደሀ ገበሬ ከባለቤቶቹ የተሻለ የሚቴን ባለጸጋ ሊሆን ይችላል፤ እበቱ በደንቡ መሠረት የእርሱ ነውና። የሚጠይቀው በስም የተያዘውን ከብት ከሆነ ግን ባለቤቱ እበት የሌለው ማብላያ፣ አርቢው ደግሞ ማብላያ የሌለው እበት ይዘው ይቀራሉ። ከዚህም ሌላ ባለቤቱ ላሟን በፈለገ ጊዜ መልሶ ሊወስዳት ስለሚችል፣ አርቢው ለብዙ ዓመት የሚያገለግል የግንብ ጉድጓድ በተውሶ ላም ላይ ተመሥርቶ ለማሠራት በብድር መግባቱ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ጉልላቱ 20 ዓመት እንዲቆይ ተደርጎ ይሠራል፤ የሐራ ስምምነት ግን ብዙ ጊዜ ከጥቂት ጥጃዎች ዕድሜ አይበልጥም።